ሰማንያ ስድስት ሳንቲ ሜትር

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በኅዳር ወር አጋማሽ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ በሳሎኔ ወለል ላይ ተንበርክኬ በልብስ ሰፊ ሜትር የሕፃናት ልብስ እለካ ነበር። ከውጭ የሚዛን ተፈሪ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከውስጥ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቱታ፣ ካናቴራ፣ ሹራብና ሱሪ በሦስት ክምር ተከፍሎ ምንጣፉን ሞልቶታል። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ትዕይንቱን ለጥቂት ጊዜ ከተመለከተች በኋላ «ያን ሁሉ ዓመት የተማርኸው ለዚህ ኖሯል?» ብላኝ ተመለሰች። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ያለኝ ይመስለኛል፤ ይህ ጽሑፍም የዘገየ መልሴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤታችን ሦስት በር አልፎ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤት አሉን። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል፤ እኔም ባለቤቴም «እትዬ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ከገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ የልጆች ልብስ ይሸጣሉ። የሥራቸው የቀን መቁጠሪያ የቡና ዛፍ ነው። ቡናው ቀልቶ መለቀም ሲጀምር የገበሬውና የለቃሚው እጅ ገንዘብ ያያል፤ እጃቸው ገንዘብ ባየ ሳምንት ደግሞ የልጆች ልብስ ይገዛል። ከኅዳር እስከ ገና ያለው ጊዜ ካመለጣቸው ዓመቱ አመለጣቸው ማለት ነው። በዚያ ዓመት ከዕቁብ የደረሳቸውን ብር ይዘው አዲስ አበባ ሄዱና መርካቶ ከአንድ አስመጪ ሦስት ማዳበሪያ አዲስ የልጆች ልብስ ገዙ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። አንዱ ማዳበሪያ በአውቶቡስ ተጭኖ በሰላም ደረሰ። ሁለቱ ግን ኋላ በጭነት መኪና ሲመጡ መንገድ ላይ በአንድ ኬላ ተያዙ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ተገቢ ነበር። ዕቃው ከውጭ የገባ ነውና ቀረጥ የተከፈለበት ለመሆኑ ማስረጃ ይቅረብ ተባለ። አስመጪው ይህን ሲሰማ የዲክላራሲዮኑን ቅጂ ላከላቸው፤ ሁሉም አስመጪ ይህን አያደርግምና ምስጋና ይገባዋል። ቅጂው ሲቀርብ ግን ሌላ ጥያቄ ተወለደ። በወረቀቱ ላይ የተመዘገበው የሹራብ ሥራ የሆነ የሕፃናት ልብስ፣ የታሪፍ ቁጥሩም 6111 ነው። ማዳበሪያው ሲፈታ ደግሞ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ የሚለብሰውም፣ የሹራብ ሥራ ያልሆነውም ተገኘ። «ወረቀቱና ዕቃው አይገናኙም» ተባሉ። እትዬ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው ወደ እኔ መጡ። «ዶክተር፣ የሕፃን ልብስ ከልጅ ልብስ በምን እንደሚለይ የተማረ ሰው አስረድቶ ይጻፍልዎ አሉኝ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስሸጥ በዓይኔ ነው የምለየው» አሉኝ።

እኔ የማስተምረው ኢኮኖሚክስ ነው። ስለ ታሪፍ ለተማሪዎቼ ስናገር በሰሌዳው ላይ ሁለት መስመሮች አቋርጬ፣ አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን አጥቁሬ፣ «ይህች የኅብረተሰቡ ኪሣራ ናት» ብዬ አልፋለሁ። የታሪፍ መጽሐፉን ራሱን ገልጬ አንብቤ ግን አላውቅም ነበር። በልቤ እያፈርሁ መጽሐፉን ፈልጌ ማንበብ ጀመርሁ።

በዓለም ገበያ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሁሉ ቁጥር አለው። ቁጥሩን የሚሰጠው ሃርሞናይዝድ ሲስተም የሚባለው የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት ሲሆን፣ ባለቤቱም ብራስልስ የሚገኘው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ፣ በየአምስት ዓመቱ ገደማ የሚታደስ፣ ከ200 በላይ ሀገሮችና የኢኮኖሚ ክልሎች የሚገለገሉበት መዝገብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች ለዓለም ሁሉ የጋራ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዝርዝር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቀረጡን ልክ፣ እያንዳንዱ ሀገር ራሱ ይወስናል። ይህን ልዩነት አንባቢዬ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የጽሑፌ ፍሬ ነገር በእርሱ ላይ የቆመ ነውና። የሚዛንና የቴፒ ቡና በዚህ መዝገብ 0901 ተብሎ ይጠራል። ምዕራፍ 61 የሹራብ ሥራ ልብስ፣ ምዕራፍ 62 የተሸመነ ልብስ፣ 6309 ደግሞ ያገለገለ ልብስ፣ ማለትም ሰልባጅ ነው።

መጽሐፉን ከጠበቅሁት በላይ ረቂቅ ሆኖ አገኘሁት። በመጀመሪያ የሚጠይቀው ልብሱ የማን እንደሆነ ሳይሆን ጨርቁ እንዴት እንደተሠራ ነው። ክሩ ዙር በዙር እየተቆላለፈ የተሠራ ከሆነ (ካናቴራ ሲስቡት የሚለጠጠው ለዚህ ነው) ወደ ምዕራፍ 61፤ በድርና ማግ የተሸመነ ከሆነ ወደ ምዕራፍ 62 ይሄዳል። ስለዚህ አንዲት እናት «አንድ ሙሉ ልብስ» ብላ የምትገዛው የሕፃን ካናቴራና ሱሪ በጉምሩክ ዓይን ሁለት ዕቃ ሊሆን ይችላል። ካናቴራው 6111፣ ሱሪው 6209። ከፊት ለፊት የሚቆለፍ ልብስ ግራው በቀኙ ላይ ከተደረበ የወንድ፣ ቀኙ በግራው ላይ ከተደረበ የሴት ነው። የማንኛቸው እንደሆነ ሊለይ ያልቻለ ልብስ ደግሞ በሴቶች መደብ ይገባል። (ይህን ለባለቤቴ ባነብላት «ሲቸግር ሁሉም ወደ ሴት ነው» አለች፤ ትችቱን ለራሷ እተወዋለሁ።)

ሕፃን ማነው ለሚለው ጥያቄም መጽሐፉ መልስ አለው። ዕድሜ አይጠይቅም፤ የልደት ምስክር ወረቀትም አይሻም። የሁለቱም ምዕራፎች ማስታወሻ፣ የሕፃናት ልብስ ማለት ቁመቱ ከ86 ሳንቲ ሜትር ለማይበልጥ ትንሽ ልጅ የሚሆን ልብስ ነው ይላል። አንድ ልብስ በሕፃናቱም ሆነ በሌላው መደብ ሊገባ የሚችል መስሎ ከታየ ደግሞ በሕፃናቱ መደብ እንዲገባ ያዝዛል። በዚያ ደረቅ መጽሐፍ ውስጥ ይህችን ዐረፍተ ነገር ባነበብሁ ጊዜ ደስ አለኝ። ጥርጣሬ ሲፈጠር ለሕፃኑ የሚያደላ ሕግ በየቀኑ አይገኝም።

ሜትር ይዤ የተንበረከክሁት እንግዲህ ለዚህ ነበር። የተያዙት ሁለት ማዳበሪያዎች በእጃችን ባይኖሩም ቀድሞ የደረሰው ሦስተኛው ከእነርሱ ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ መደርደሪያ የተገዛ ነውና ናሙና ይሆነኛል ብዬ ነው። ጥቂት ከለካሁ በኋላ ግን ስሕተቴ ገባኝ። ሕጉ የሚለካው ልብሱን ሳይሆን ልብሱ የተሰፋለትን ልጅ ነው፤ ልጁ ደግሞ ሳሎኔ ውስጥ የለም። መፍትሔው የተገኘው በየልብሱ አንገት ላይ ከተሰፋችው ምልክት ነው። የአውሮፓ የልጆች ልብስ ቁጥር የልጁ ቁመት በሳንቲ ሜትር ነው፤ 74፣ 80፣ 86፣ 92 እያለ ይሄዳል። እዚያ የሕጉ መስመርና የልብሱ ቁጥር ይገጥማሉ። የቻይናው ግን ባመዛኙ 80፣ 90፣ 100 እያለ በዐሥር ይዘላል፤ በማዳበሪያው ውስጥ የነበረው አብዛኛው ልብስ ደግሞ የቻይና ነበር። 80 ሕፃን ነው፤ 90 ልጅ ነው። በመካከላቸው ያለው የግማሽ ስንዝር ያህል ነው። እኩለ ሌሊት ሲሆን ከ140 ልብሶች 52ቱ በ6111፣ 31ዱ በ6209፣ የቀሩት 57ቱ በትልልቅ ልጆች መደቦች ተሰልፈው ቆሙ።

በማግሥቱ ቁጥሮቹን ከየቀረጥ ልካቸው ጋር ለማያያዝ የሀገራችንን ታሪፍ ገለጥሁ። 6111፣ 35 በመቶ። 6209፣ 35 በመቶ። የትልልቆቹ ልጆች፣ 35 በመቶ። የጎልማሳ ሰው ኮት፣ 35 በመቶ። ሌሊቱን ሙሉ በሦስት የከፈልሁት ክምር በመንግሥት ካዝና ዓይን አንድ ክምር ነበር።

አስመጪው የሕፃን ነው ቢል፣ የልጅ ነው ቢል፣ የአያት ነው ቢል፣ ቀረጡ ያው ነው። እርግጥ ነው፣ በኬላው የነበረው ወጣት ሠራተኛ የሚጠረጥረው ሌላ ነገር ነበር። በአንድ ወረቀት ሌላ ዕቃ የሚያሳልፍ ነጋዴ አለ፤ ይህን ማጣራት ሥራው ነው፤ ክፉ ሰውም አልነበረም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ከኬላው በላይ ያለው ነው። ዓለም ሕፃኑን የምንለይበትን ቁጥር ሰጠን፤ ቁጥሩንም ተቀበልን። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለችውን፣ የራሳችን ፈንታ የሆነችውን ዓምድ ግን ሕፃኑን እንደማናውቅ ሆነን ሞላናት። ሕፃኑን ለቆጠራ አወቅነው፤ ለርኅራኄ አላወቅነውም።

ደግሞም 35 በመቶው ብቻውን አይመጣም። ሌሎቹን ክፍያዎች ትተን ሦስቱን ብቻ እንደምር። መድኑና ማጓጓዣው ተጨምሮ መቶ ብር የሆነ የሕፃን ቱታ ቀረጡ ሲጨመርበት 135 ብር ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲሰላ 155 ከ25 ሳንቲም ይደርሳል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከፈለው 10 በመቶ ሱር ታክስ ደግሞ የሚሰላው ከዚህ ሁሉ ድምር ላይ ነው፤ 170 ብር ከ78 ሳንቲም። ይህ የመርካቶ ትርፍ፣ የቸርቻሪው ትርፍና ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው መንገድ ሳይታሰብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም መነሻው መቶ ራሱ የቀድሞው መቶ አይደለም። ቀረጡ የሚሰላው በብር ነውና ብር በተዳከመ ቁጥር ቀረጡም ሳይታወጅ ያድጋል።

ይህን በሚዛን ሰማይ ሥር አስቡት። በደረቅ ሀገር ሦስት ቅያሪ የሚበቃው ሕፃን እዚህ ስድስትም አይበቃው፤ የታጠበው አይደርቅምና። ቡና ለቃሚ እናት የሕፃኗን ልብስ እሳት ዳር ትሰጣለች፤ ልጁም ጭስ ጭስ እየሸተተ ያድጋል። በ2017 በጀት ዓመት ሀገራችን ከቡና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች፤ ከቴፒና ከበበቃ የሚሄደውም በዚያ ውስጥ አለ። ቡናው ዶላር ያመጣል፤ ዶላሩ ልብስ ያመጣል፤ ልብሱ ቀረጥ ተሸክሞ ወደ ለቃሚዋ ልጅ ሲመለስ ግን እጇ አይደርስበትም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ እንቅልፍ ነሣኝ። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መለኪያ 86 ሳንቲ ሜትር በደኅና ያደገ ልጅ በሁለት ዓመቱ አካባቢ የሚደርስበት ቁመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። የቀነጨረ ወንድ ልጅ ሁለት ዓመት ተኩል ሞልቶትም 86 አይደርስም። ድህነት ያሳጠረው ልጅ በዓለም መዝገብ ረዘም ላለ ጊዜ ሕፃን ሆኖ ይቆያል ማለት ነው። መዝገቡ ሳያስበው ለተጎዳው ልጅ ወግኗል፤ የእኛ ቀረጥ ግን ያንን ውገና መልሶ ነጠቀው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ገብቷል። የቃል ኪዳኑ ልጅና የ86 ሳንቲ ሜትሩ ልጅ አንድ ልጅ ናቸው። ልብስ ምግብ አይደለም ይሉኝ ይሆናል፤ ልክ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚወጡት ከአንዲት እናት መቀነት ነው።

ለፍትሕ ሲባል የዚያኛውንም ወገን ክርክር ላቅርብ። ከሩቅ የመጣን ነን። በደርግ ዘመን መጨረሻ የታሪፋችን ጣሪያ 230 በመቶ ነበር፤ በደረጃ እየወረደ በ1995 ዓ.ም. ገደማ 35 በመቶ ደረሰ። በዚህ ጣሪያ ላይ ልብስ የተቀመጠው የሀገር ውስጥ ፋብሪካን ለመጠበቅ ነው። እኛ የሙያው ሰዎች «ጨቅላ ኢንዱስትሪ» የምንለው ሐሳብ አለ፤ አሜሪካዊው አሌክሳንደር ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1791 ያቀረበው፣ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሊስት ያስፋፋው ነው። አዲስ የተወለደ ፋብሪካ እስኪጠነክር ድረስ ከባዕድ ውድድር ይጠበቅ ይላል። እኔም አምንበታለሁ፤ በክፍልም አስተምረዋለሁ። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ አለኝ። ጨቅላው ፋብሪካ የታለ? የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም.፣ በእኛው መንገድ ላይ የሚገኘው የጅማው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ተመረቁ። እነዚህ ፓርኮች በዋነኛነት የታሰቡት ለወጪ ንግድ ነበር። የሐዋሳ ልጃገረዶች ቀረጥ ካልተከፈለበት ጨርቅ ለአሜሪካ ገበያ የልጆች ልብስ ሳይቀር ሰፍተዋል፤ ያ ገበያ ከአጎዋ ዕድል ጋር እ.ኤ.አ. በጥር 2022 እስኪታገድብን ድረስ። የሐዋሳ እጅ የሰፋውን የአሜሪካ ልጅ ለበሰው፤ የሚዛን ልጅ ደግሞ የቻይናውን በ35 በመቶ ይጠብቃል። ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ ጣሪያ ሥር የተጠበቀ ጨቅላ እስከ መቼ ጨቅላ ይባላል? ጢም ያወጣውን ጨቅላ ለማሳደግ ጥርስ ያላወጣውን ጨቅላ እያስከፈልን ነው።

በተግባርም ቀረጡ የጠበቀው ፋብሪካውን አይደለም፤ ሰልባጁን ነው። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው። ይሁን እንጂ ከሚዛን ገበያ እስከ አዲስ አበባ ሰልባጅ ያልተዘረጋበት ገበያ ማን አይቷል? አዲሱ ልብስ በቀረጥ ላይ ቀረጥ ተሸክሞ ሲወደድ፣ ምንም ያልከፈለው አሮጌ ቦታውን ይወስዳል። ካዝናው ከሕፃኑም ከፋብሪካውም ሳያገኝ ይቀራል።

ጠንካራው ተቃውሞ የማጭበርበር ነው። የሕፃናቱን ልክ ብናወርድ የ90ው ልብስ 80 የሚል ምልክት እየተሰፋበት ይመጣል ይሉኛል። ይመጣል፤ አልክድም። ነገር ግን የዚህ ማጭበርበር ወሰን በልብሱ ውስጥ ያለ ነው፤ የሕፃን ቱታ ምንም ምልክት ቢሰፋበት ጎልማሳ አይለብሰውም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1973 ተጨማሪ እሴት ታክስን ሲጀምሩ የትንንሽ ልጆችን ልብስና ጫማ ልኩ ዜሮ በሆነ መደብ አስገቡት፤ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላም እዚያው ነው። የልጅ ልብስ እስከ የት ድረስ ነው የሚለው ክርክር እዚያም አለ፤ ክርክሩን ፈርተው ግን ልጁን አልተዉትም።

ስለዚህ የምለው ትንሽ ነገር ነው። በ6111ና በ6209 ፊት ለፊት የተጻፈው 35 ወደ ዜሮ፣ ቢያንስ ወደ ዝቅተኛው ልክ ይውረድ። አዲስ መሥሪያ ቤት፣ አዲስ ኮሚቴ፣ አዲስ ትርጉም አያስፈልገውም፤ መስመሩ በመጽሐፋችን ውስጥ ከተሰመረ ቆይቷል። ቀረጡ አንድ በሆነበት ልብስ መካከልም በመደብ ስም ብቻ የቸርቻሪ ዕቃ በየኬላው አይታገት። ትንሽ ነገር መጠየቄን አውቃለሁ። ትልልቁን ነገር ስንጠይቅ ስለኖርን ትንሹን የሚጠይቅ ጠፍቷል።

የእትዬን ጉዳይ ሳልጨርስ ብሰናበት ነውር ይሆንብኛል። ሁለት ገጽ ተኩል ማመልከቻ ጻፍሁላቸው፤ የምዕራፎቹን ማስታወሻ ጠቅሼ፣ የልብሶቹን ቁጥር በሠንጠረዥ አያይዤ፣ ቀረጡ በሁሉም መደብ አንድ መሆኑን አስረድቼ። ከአምስት ሳምንት በኋላ በ6111 የሚመደበው ተለቀቀላቸው። የተሸመነው የሕፃናት ሱሪና የትልልቆቹ ልጆች ልብስ በዚያው ቀረ። የተለቀቀው ሲደርስ ገና አልፎ ነበር፤ የቡናው ገንዘብም ወደ ሌላ ጉዳይ ሄዶ ነበር። ባለ ዕቁቦቹ ግን የሳምንት ገንዘባቸውን አንድ ሳምንት እንኳ አላዘገዩላቸውም።

ባለፈው ሰሞን በሱቃቸው በር ሳልፍ ጎንበስ ብለው አንድ ክምር ሲበትኑ አየኋቸው። ሰልባጅ ነበር፤ ከዚሁ ከከተማችን ነጋዴዎች በቁጥር የገዙት። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «እትዬ፣ አዲሱን ተዉት እንዴ?» አልኋቸው። አንዲት የደበዘዘች ሮዝ ቱታ አንሥተው በዓይናቸው ለኩና አጣጥፈው አስቀመጡ። «አዲሱ ወረቀት እያለው ወረቀትህ ልክ አይደለም ይሉኛል። ይኸኛው ወረቀት እንደሌለው ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም አይጠይቀኝም፤ ዶክተር» አሉኝ።

ቱታዋ ከሰማንያ ስድስት በታች ነበረች፤ አሁን እኔም በዓይኔ እለያለሁ።

ቸር እንሰንብት።